መለያ ወረቀቱን የላጥኩት እኔ ነኝ

የቃል መቀበያ ቅጽ

ቃል ሰጪ፦ ሙሉ ስሙ በመዝገቡ ሽፋን ላይ ሰፍሯል፤ በሰፈሩ «ባለስድስቱ» እየተባለ ይጠራል
ዕድሜ፦ 58
ሥራ፦ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ
አድራሻ፦ ከእንጨት መጋዘኑ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር ያለው ግቢ፣ ሁለተኛው ቤት
ቀን፦ ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን
ቃሉ የተጀመረበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 4፡10

ቃል የመስጠት ግዴታ እንደሌለብኝ በመርማሪው ተነግሮኝ፣ በራሴ ፈቃድ የሚከተለውን ተናግሬያለሁ።

በቅድሚያ እኔም አቤቱታ ስላለኝ ይመዝገብልኝ። የተቀመጥኩበት ወንበር አንዱ እግሩ ከሦስቱ ያጥራል። ወደ ግራ ሲጥለኝ ውሸታም፣ ወደ ቀኝ ሲጥለኝ ፈሪ እመስላለሁ። እውነት ሊናገር የመጣ ሰው ቀጥ ብሎ የሚቀመጥበት ነገር ሊሰጠው ይገባል። መርማሪው ይህ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም ቢለኝም ይጻፍልኝ ብዬ ስለጸናሁ ተጽፏል።

ወደ ጉዳዩ ስገባ፣ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ባለቤቱ በሁለት ነገር ከሶኛል። አንደኛ፣ ለሦስት ቀን ሙከራ የወሰድኩትን ጊታር አልመልስም በማለቴ፤ ሁለተኛ፣ ከጊታሩ ሆድ ውስጥ የሠሪውን ስም የያዘውን መለያ ወረቀት በመላጤ። ሁለቱንም አድርጌያለሁ። ዛሬም ቢሆን መልሼ አደርገዋለሁ።

ጊታር ማንም አላስተማረኝም። በጆሮዬና በጎረቤት ትዕግሥት ነው የተማርኩት። በቤቴ ስድስት ጊታሮች አሉኝ፤ ስድስቱንም የሠሩት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። መርማሪው «ለአንድ ሰው አንድ አይበቃውም ወይ?» ሲል ጠይቆኛል። እኔም ስድስት ልጆች ላሉት ሰው ይህን ጥያቄ አቅርቦ ያውቅ እንደሆነ ጠይቄዋለሁ። የመጀመሪያው ፋብሪካ የወለደው ነው፤ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ያለ፣ ቀልድ የማያውቅ። ሁለተኛውን አንድ ሽማግሌ ሠርተው በእርሳስ ፈርመውበታል። ሦስተኛውን የሠሩት ወንድማማቾች መሐል ላይ ተጣልተው ከሁለቱ ስሞች አንዱ በቀለም ተሰርዟል፤ በእኔ ግምት አንገቱን የሠራው የተሰረዘው ነው፤ ምክንያቱም ከጊታሩ የሚመሰገነው አንገቱ ብቻ ነው። አራተኛውን አንዲት ሴት በራሷ እጅ ልክ ስላቀጠነችው ጣቶቼ እዚያ ላይ ሲወጡ ጠባብ አግዳሚ ላይ እንደተቀመጡ ወፍራም ሰዎች ይገፋፋሉ። የቀሩት ሁለቱ ከሩቅ የመጡ ናቸው፤ አንዱ በጋ ሲገባ ያኮርፋል፣ ሌላው ዝናብ ሲመጣ።

ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም። ትንሽ ለጉራም ነው። ዋናው ነገር ግን እነዚህ ስድስት ሠሪዎች በሌላ በምንም ሳይስማሙ በአንድ ነገር ይስማማሉ። ሁሉም ስማቸውን የሚለጥፉት ከድምፅ ቀዳዳው ትክክል ሥር ነው፤ ጎንበስ ያለ ሁሉ እንዲያነበው። ስሙን ወደ ጥግ የሚገፋ ሠሪ አላየሁም።

ባለፈው ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ወደ ሱቁ ስገባ ባለቤቱ አንድ ጊታር አሳየኝ። የባሕር ማዶ ስመ ጥር ሠሪ ሥራ ነው አለኝ። አራተኛውን ጊታሬን በመያዣነት ትቼ ለሦስት ቀን ወሰድኩት። ቤት ገብቼ ስመታው፣ በሚቀጥለው ክፍል የማውቀው ሰው የሚያወራ ያህል ተሰማኝ። ወረቀቱን ልይ ብዬ ጎንበስ ስል ከቦታው የለም። ያልተጠራ እንግዳ ጥግ ላይ እንደሚቀመጠው፣ ከመካከል ርቆ፣ ተጣሞ ተለጥፏል።

ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረ ቆጣሪ የማነብበትን መስታወትና ባትሪ አወጣሁ። ክሮቹን አላላሁ። ወረቀቱን በማንቆርቆሪያ እንፋሎት አለስልሼ በስስ ቢላዋ ላጥኩት። ሳይቀደድ ወጥቷል፤ ለመርማሪው አስረክቤያለሁ። ከሥሩ የታየኝ የቃጠሎ ጠባሳ ነው። የካውያ ግማሽ፣ ሹል ጫፉ ወደ ላይ፣ ጠርዙ ላይ እንደ ወለቀ ጥርስ የጎደለ።

ያንን ጠባሳ አውቀዋለሁ፤ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ሱሪዬን ስተኩስ ውጭ ጩኸት ሰማሁና የጋለውን ካውያ በእናቴ ቁም ሳጥን በሮች ላይ አስደግፌ ሮጥኩ። ሁለቱ በሮች በሚገናኙበት ላይ ስለነበር ግማሹ ጠባሳ በቀኙ፣ ግማሹ በግራው በር ላይ ቀረ። ለእያንዳንዱ ግማሽ ለየብቻ ተገርፌያለሁ። እናታችን ስታርፍ ቁም ሳጥኑ ለእህቴ ደረሰ። ከአራት ዓመት በፊት ምስጥ በላው ተባለ፤ እህቴ ሰው እንደሞተባት አለቀሰች። ምስጥ በላው ያለው ባሏ ነው። የእህቴ ባል በር ሠሪ አናጢ ሲሆን፣ ላለፉት ሃያ ዓመታት ጊታሮቼን ባየ ቁጥር «አንተ ሰውዬ፣ ይህን ሁሉ ቡርቡር እንጨት ከምትሰበስብ ሣጥን ብትገዛ ድንች ይይዝልህ ነበር» እያለኝ ኖሯል።

ምስጥ ቁም ሳጥን በልቶ ጊታር እንደሚወልድ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። መርማሪው እንዴት ሊሆን ቻለ ሲለኝ ምስጡን ጠይቁት ብያለሁ።

በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ዘንድ ሄጄ ጊታሩን ፊቱ አስቀመጥኩ። ስሙን ላልናገር ቃል ሰጥቼዋለሁ። ያለኝን ላልናገር ግን ቃል አልሰጠሁም። እንደነገረኝ፣ ጠባሳው ጥልቅ ስለነበር ፍቄ ላጥፋህ ቢለው እንጨቱ ሊያልቅበት ሆነ፤ ስለዚህ ወደ ውስጥ አዞረው። ሱቀኛውም «በስምህ ብሸጠው ማን ይነካዋል?» ብሎ የሰው ስም በላዩ ለጠፈበት። ይህ አራተኛ ሥራው ነው፤ ሦስቱ በሌላ ሰው ስም ተሸጠዋል። «ለምን ዝም አልክ?» ስለው «በሌላ ሥራ ነው የሚያውቁኝ፤ ይስቁብኛል» አለኝ። ቀጥሎም «ለሚስቴስ ምን ልበላት?» አለ። እኔ እስክወድቅ ሳቅሁ። ቀና ስል እሱ አይስቅም። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ድምፁ ግን እንዴት ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

ከስድስቱ አራቱን ያስንቃል አልኩት። እውነቱን ለመናገር ስድስቱንም ያስንቃል። ነገር ግን ሃያ ዓመት ድንች ሲለኝ የኖረ ሰው ሁሉንም በአንድ ቀን ማግኘት የለበትም።

ትናንት ሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ወረቀቱን ብቻ ይዤ ሱቁ ሄድኩ። የሠሪው ስም በቦታው ይጻፍ፣ ያኔ ጊታሩን አመጣለሁ አልኩ። ባለቤቱ «ወረቀቱን መልሰህ ለጥፍና አምጣው፤ አለበለዚያ ሌባ ነህ» አለኝ። እኔም ሌባ የሚባለው ዕቃ የወሰደ ነው ወይስ ስም የወሰደ ብዬ ጠየቅሁት። መልሱን በስልክ ለፖሊስ ነገረ።

መርማሪው የሠሪውን ስም ካልጠራሁ የአመልካቹ ቃል እንደሚጸና፣ ጊታሩም ዛሬውኑ ወደ ሱቁ እንደሚመለስ አስረድቶኛል። ተረድቻለሁ፤ አልጠራም። ጊታሩን ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ፤ አሁን በመካከላችን ጠረጴዛው ላይ ነው። እንዲመለስም አልስማማም። የእናቴ ቁም ሳጥን ነው፣ የአንድ ሰው የእጅ ሥራ ነው፣ የእኔም ካውያ አለበት። ሌላ ስም የሚለጠፍበት እኔ በቁሜ እያየሁ አይሆንም። የምታሰር ከሆነ ክሩ አዲስ ስለሆነና በየሰዓቱ መቃኘት ስላለበት አብሮኝ እንዲገባ እጠይቃለሁ።

ከጠዋቱ 5፡25 ላይ መርማሪው ስሙን ለሦስተኛ ጊዜ ጠይቆኝ ለሦስተኛ ጊዜ እምቢ ስል በሩ ተንኳኳ። ይመጣል ብዬ ያላሰብኩት ሰው፣ የእህቴ ባል፣ በሥራ ቱታው፣ ጸጉሩ ሰጋቱራ እንደለበሰ ገባ። በትከሻው በአንሶላ የተጠቀለለ ሰፊ ነገር ተሸክሟል። ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሲገልጠው የቁም ሳጥኑ ግራ በር ነው፤ እጀታው አልተነካም፣ ጠርዙ ላይ የቀረው የካውያ ግማሽ አለ። መጀመሪያ እኔን አየና «ከዚህ ወንበር ተነሥ፣ ይጥልሃል» አለኝ። ከዚያ ወደ መርማሪው ዞሮ «ጌታዬ፣ ቁም ሳጥኑን የበላው ምስጥ እኔ ነኝ። ለሚስቴ ዛሬ ጠዋት ነግሬያታለሁ። ስሜን ይጻፉ» አለ።

የእኔ ቃል እዚህ ላይ ያበቃል፤ የሚቀጥለው የእሱ ነው። ስሙ ሳይሳሳት፣ ጎላ ተደርጎ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ።

ከላይ የሰፈረው ሁሉ በጉልህ ድምፅ ተነብቦልኝ፣ ከአፌ የወጣና እውነት መሆኑን አምኜ ፈርሜበታለሁ። ሲነበብ የእህቴ ባል ክፍሉ ውስጥ ስለነበር «ስድስቱንም ያስንቃል» ያልኩትን ሰምቷል። ይህ መስመር ይሰረዝልኝ ብዬ ጠይቄ ነበር፤ መርማሪው አይሰረዝም ብሏል።

የቃል ሰጪው ፊርማ፦ (ተፈርሟል፤ ቆሞ)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ያበቃበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 5፡50