የአያ ተገኘ ሚስት

ከትክል ድንጋይ ወደ ጎንደር ስንመጣ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት የማይተዋወቁ ሴቶች ዘር ይቆጥራሉ።

«ለደብራችን ደወል የሰጠው የኔ ቅድመ አያት፣ አያ ተገኘ ነው። የመሬቱ ወረቀት ላይ ስሙ አለ።»

«ምነው እህቴ! ደወሉን የሰጠውማ የኔ ቅድመ አያት ነው። የቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ወልደ ሚካኤል ይላል።»

«እሱማ የተገኘ የክርስትና ስሙ ነው!»

«አንድ ሰው ነው በይኛ! ዘመድ ነን።»

«ሸጋ ነው። ሚስቱንስ መዝገቡ ማን ይላል?»

«ወለተ ማርያም።»

«ወረቀቱ እኮ ጥሩነሽ ነው የሚለው።»

«በኛዋ ላይ ነዋ የመጣችው!»

«ኧረ የናንተዋ ናት በላይዋ የመጣች! መሬቱ የማን ሆነና?»

«ደወሉስ ከማን ጋር ተጻፈ? የናንተዋ ቅምጥ ነበረች።»

ከዚያ ወዲያ ተኮራርፈው ፊታቸውን አዞሩ።

ጥሩነሽስ ክርስትና አልተነሳችም ወይ ልላቸው ምላሴ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።