የተደበቀችው ቁልፍ

በ2008 የሱኮት፣ የዳስ በዓል፣ ባለፈ ሰሞን፣ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ባለው የአውቶቡስ ማቆሚያ ሁለት ጎረቤቶቼን ተቀምጠው አገኘኋቸው። አባባ ጀምበሩና ባለቤታቸው እማማ ይሻሽ ናቸው። ቤርሼቫ ከተማ፣ ሽኩና ቤት በሚባለው ሰፈር፣ እኔ ካለሁበት ፎቅ ሥር ይኖራሉ። እማማ ይሻሽ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት የሰው ፊት መለየት ካቆሙ ቆይተዋል። የዚያን ዕለት ጠዋት ሞራው ሊገፈፍላቸው ቀጠሮ እንደ ነበራቸው አውቃለሁ። ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፤ ዓይናቸው ላይ ግን ፋሻ የለም።

«ምነው አባባ፣ በሰላም ነው? ቶሎ ወጣችሁ» አልሁ።

«መለሱን ልጄ። ‹ቶር የላችሁም› አሉን።»

ቶር የሚሉት ቀጠሮውን ነው። እኔ ሥራዬ ሜጋሼር ነው፤ በክሊኒኩና በትምህርት ቤቱ፣ በባለሥልጣኑና በወገናችን መካከል ቆሜ ቋንቋ አሻግራለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሁለቱንም ይዤ ተመለስሁና ጸሐፊዋ ፊት ቆሜ ጮኽሁ። እሷ ግን በእርጋታ የኮምፒውተሯን መስኮት ወደ እኔ አዞረችው። ቀጠሮውን የሰረዙት ራሳቸው ባለጉዳዮቹ ናቸው፤ በኢንተርኔት። ያውም ‹እርግጠኛ ነዎት?› ተብለው ተጠይቀው፣ ‹አዎ› ብለው።

አባባ ጀምበሩ ከኋላዬ ቆመው «በሴደር፣ በሴደር» እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ደህና ነው ማለታቸው ነው። ምኑ ነው ደህናው? ጸሐፊዋ ሌላ ቀጠሮ ፈለገች፤ እስከ ፑሪም በዓል፣ አምስት ወር ያህል፣ ባዶ ቦታ አልተገኘም። እማማ ይሻሽ ገና የሚገባውን የዚህን አገር ክረምት ሙሉ በጨለማ ሊቀመጡ ነው።

«አባባ፣ እንዴት አድርገው ሰረዙት?» አልሁ፣ አውቶቡስ ውስጥ እንደ ተቀመጥን።

«ቀጠሮውን በኢንተርኔት አረጋግጡ የሚል የድምፅ መልእክት በስልኬ መጣ። ማትናስ ሄጄ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥሁ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። ሁለት ሣጥን መጣ፤ አንዱን ነካሁ። እንደገና ጠየቀኝ። መንግሥት ሁለቴ ሲጠይቅ እንቢ ይባላል? እሺ አልሁ።»

«የኖአ ፕሮግራምስ? ለምን በእሱ አላነበቡትም?»

አባባ ጀምበሩ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ኖአ ሽኩና ሄ በሚባለው ሰፈር የሚኖረው የውዱ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ትማራለች፤ ከሰዓት በኋላ ማትናስ፣ የሰፈሩ ሰው መሰብሰቢያ ቤት ውስጥ፣ ሽማግሌዎችን ታስተምራለች። ኢንተርኔት በሚከፈትበት ማሰሻ ላይ የሚቀጠል ትንሽ ፕሮግራም ሠርታለች፤ ሲያዙት የዕብራይስጡን ቃል ትርጉም በአማርኛ ከጎኑ ይጽፋል። ሁላችንም መርቀናታል። እና ይህ ሁሉ እያለ አንዲት ሴት ዓይኗን ታጣለች? ንዴቴ ሰው ፈልጎ ነበርና ከአውቶቡሱ እንደ ወረድን እየጎተትሁ ማትናስ ወሰድኋቸው።

ኖአን ሰላም ሳልላት ጀመርሁ። «ኖአ፣ የሠራሽው ነገር ለጌጥ ነው ወይስ ለሰው? አባባ ጀምበሩ ሊያገኙት አልቻሉም!»

«ሊያገኙት አይችሉም» አለች ኖአ። ተናዳ ነበር። «የማውሱን የቀኝ ጎን ሲጫኑ ረጅም ዝርዝር ይመጣል፣ ከዚያ ውስጥ መፈለግ አለባቸው። ዝርዝሩ ደግሞ ሁሉም በዕብራይስጥ ነው።»

«ታዲያ ዕብራይስጥ የማያነብ ሰው አማርኛው ጋ ለመድረስ ዕብራይስጥ ያንብብ ነው የምትይው? ምን ዓይነት ፌዝ ነው?»

«ስሊኻ፣ ይቅርታ፣ ግን እኔ አይደለሁም ያልሁት! እኔ እላይ፣ ሁሉም ቁልፎች በተሰለፉበት ረድፍ፣ አንድ ካፍቶር ሠርቼ ነበር። ‹አ› የምትል ፊደል ያለባት ቁልፍ። አንዴ መንካት ብቻ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው መጡና ‹አውርጂልን› አሉኝ። ሽማግሌ ሲለምነኝ ምን ላድርግ?»

«እነማን ናቸው እነሱ?»

አባባ ጀምበሩ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉና «እኔ ነኝ» አሉ። «ቃል ያሰማሁት እኔ ነኝ።»

እውነቱን ልናገር፤ በዚያች ሰዓት ሽማግሌ ባይሆኑ ምን እንደምላቸው አላውቅም። ጥርሴን ነክሼ ወንበር ሳብሁላቸው።

«ምክንያትዎን ይንገሩን አባባ።»

«ምክንያቴማ ግልጥ ነው። አገሬ ሳለሁ ደም የተቃባ ሰው የሚታረቀው በእኔ ቃል ነበር። እዚህ ስመጣ እንደ ሕፃን እጄን ይዘው ‹እዚህ ፈርም› አሉኝ። ያቺ ፊደል እላይ ስትታይ ለክፍሉ ሁሉ ምን ትናገራለች? ‹ይህ ሽማግሌ ዕብራይስጥ ማንበብ አይችልም› ነው የምትለው። የልጅ ልጆቼ ጓደኞች እዚሁ ይመጣሉ። ጉድለቴን አናቴ ላይ ለጥፌ ልቀመጥ? ይደበቅ፤ የፈለገ በስውር ይጠቀም።»

«በስውር ተጠቀሙበት?» አለች ኖአ።

«ሰው ከኋላዬ ነበረ አልሁሽ እኮ።»

«አባባ፣ ሁልጊዜ ከኋላ ሰው አለ! ይኼ የሕዝብ ኮምፒውተር ነው። እዚያኛው ላይ እኮ የሩሲያዎቹ ፊደል ተለጥፏል። እዩት፣ ኪቦርዱ ላይ። አንድም ሩሲያዊ ሲያፍር አይቼ አላውቅም። እኛ ብቻ ነን በፊደላችን የምናፍረው። ያውም የራሳችን ፊደል ያለን ሰዎች!»

«አንቺ ልጅ ነሽ። አባቶች ‹እሺ ይበልጣል ከሺ› ብለዋል። ዝም ብሎ እሺ ያለ ሰው ተጣልቶ አያውቅም።»

እዚህ ላይ አላስቻለኝም። «አባባ ጀምበሩ፣ ያ ተረት የተተረተው ነገሩ ገብቶት እሺ ለሚል ሰው ነው። እርስዎ ሁለት ሰው ሲያስታርቁ የአንዱን ቃል ሳይሰሙ ይፈርዱ ነበር?»

«እንዴት ተደርጎ!»

«ታዲያ ዛሬ ሳይሰሙ ፈረዱ። ያውም በሚስትዎ ላይ። እኔ በየቢሮው ስዞር ‹ለእናንተ ሰዎች በአማርኛ የተጻፈ ለምን የለም?› ብዬ ስጣላ፣ የሚመልሱልኝን ያውቃሉ? ‹ማንም አልጠየቀንም። ሁሉም በሴደር ነው የሚሉት› ይሉኛል። አፌን ያስይዙኛል! የእነሱስ ጥፋት ጥፋት ነው፤ ልተወውም አልልም፤ ነገር ግን ዱላውን የምናቀብላቸው እኛ ነን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

«ክብር የሚባል ነገርስ? ክብርን በምን ትገዙታላችሁ?» አሉ አባባ ጀምበሩ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

ያን ጊዜ እማማ ይሻሽ ተናገሩ። እስከዚያች ሰዓት ግድግዳውን ተደግፈው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ የማን ድምፅ ከየት እንደሚመጣ በጆሯቸው እየተከታተሉ ተቀምጠው ነበር።

«አንተ ሰው» አሉ። «አንተን ሰው እንዳያይህ ብለህ፣ እኔ ሳላይ ልቅር?»

አባባ ጀምበሩ ከዘራቸውን አነሡና ወደ ኖአ ዞሩ።

«በይ ቁልፏን መልሺያት።»

«እኔ አልመልሳትም አባባ።»

«ምነው? አኮረፍሽ?»

«አይደለም። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ቁልፏ አልጠፋችም፣ የትርፍ ቁልፎች ሣጥን ውስጥ ናት። ከሣጥኑ አውጥቶ እላይ የሚያስቀምጣት የሚጠቀምባት ሰው ራሱ ነው። እኔ ሣጥኑን እከፍትልዎታለሁ፤ እርስዎ ይጎትቷት።»

ነገሩ እውነት ነው፤ በኋላ እኔም አይቼዋለሁ። ግን ኖአ ራሷ ብትጎትታት የሚከለክላት አልነበረም። አስባበት እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም፤ ብቻ ደግ አደረገች።

አባባ ጀምበሩ ከዘራቸውን ለሚስታቸው አስይዘው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ክፍሉ ሙሉ ነው፤ ከኋላም ተራ የሚጠብቅ አንድ ወጣት ቆሟል። ኖአ ሣጥኑን ከፈተች። ‹አ› ከታች፣ ከማይፈለጉ ቁልፎች መካከል ተወሽቃ ታየች። ሽማግሌው ማውሱን እንደ እርፍ ጨብጠው ሳቧት፤ ጣታቸው ቶሎ ለቀቃትና ከመንገድ ወደቀች። ወጣቱ ታከተውና «ኑ፣ ሳባ፣ ማ ኮሬ?» አለ፤ በል እንጂ አያቴ፣ ምን ሆነሃል ማለቱ ነው።

አባባ ጀምበሩ ዞር ብለው አዩት። ጆሯቸው ሥር ላብ ወርዷል።

«ሬጋ» አሉት፤ ቆይ ማለታቸው ነው። ከዚያ ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ፣ በተሰባበረ ዕብራይስጥ፣ «ማንበብ አልችልም። ማንበቢያዬን እያወጣሁ ነው» አሉ። ዞረውም ጎተቷት። ‹አ› ከረድፉ ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

ማንም አልሳቀም። ወጣቱ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እንዲያውም ጥግ ላይ የነበረችው ማንአለብሽ፣ በፋብሪካ የምትሠራው፣ «አያ ጀምበሩ፣ ሲጨርሱ ለእኔም ያሳዩኝ፤ የደመወዜን ወረቀት ሳይገባኝ ስፈርም ኖሬያለሁ» አለች። ይህን ሁሉ ጊዜ ለካ እያንዳንዳችን የምናፍረው ሌላው የገባው እየመሰለን ነው!

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማስረዳት ግዴታዬ ነው። ቁልፏ በማትናሱ ኮምፒውተሮች ሁሉ ላይ ወጣች። ሸጋዬ የምትባል የሰፈራችን እናት የልጇ ትምህርት ቤት የሚልከውን መልእክት አነበበችና በወላጆች ስብሰባ ተነሥታ ተከራከረች። የማትናሱ ኃላፊ ሴትዮ በዓይኗ ስታይ ለካስ ቁልፏን የሚነካት ብዙ ሰው ነው፤ ‹እዚህ አማርኛ ያስፈልጋል› ብላ ለበላዮቿ ጻፈች። መልሱ ገና ነው፤ እኔም መጣላቴን አላቆምሁም። አሁን ግን ‹ማንም አልጠየቀም› የሚለኝ የለም። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ያላወቅነው፣ የሚጠየቅበት ነገር እጅ በሚደርስበት፣ ዓይን በሚያየው ቦታ መቀመጥ እንዳለበት ነው። በጓዳ የተደበቀ እርዳታ እንደሌለ ይቆጠራል።

ፑሪም ሲቃረብ ያ መልእክት እንደገና መጣ። አባባ ጀምበሩ ማትናስ ሄዱ፤ እኔም አብሬ ነበርሁ። ሁለቱ ሣጥኖች ብቅ ሲሉ ‹አ›ን ነኩና ጣታቸውን የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ አድርገው፣ ጮክ ብለው፣ «ይሰረዝ... ይጽና» ብለው አነበቡ። «ይጽና!» አሉና ተጫኑት፤ ተቀናቃኝ የረቱ ያህል ወደ እኔ ዞረው ሳቁ።

ሞራው የተገፈፈ ሰሞን፣ ፋሻው እንደ ተነሣ፣ እማማ ይሻሽ ማትናስ ውሰዱኝ አሉ። በመጀመሪያ ኖአን አገላብጠው ሳሙ፤ «ለካ እንዲህ ቆንጆ ነሽ» አሏት። ከዚያ ኮምፒውተሩ አጠገብ ቆመው «እስቲ ያቺ ፊደል የታለች?» አሉ። አባባ ጀምበሩ በጣታቸው አሳዩአቸው።

እማማ ይሻሽ ጎንበስ ብለው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ብዙ ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ቀና ብለው ባላቸውን አዩ።

«የጥፍር ያህል እንኳ አትሆንም» አሉ። «ለዚች ነው ክረምቱን ያጨለምህብኝ?»