ጋሽ መዶሻና የፊቱ አክስል

ጋሽ መዶሻ የሚባሉት አዛውንት መካኒክ፣ የፈራረሱ መኪኖች በሚሸጡበት ግቢ ውስጥ የአንድ ከባድ የጭነት መኪና የፊት አክስል በደስታ እየዳበሱ ሳለ፣ ከጀርባቸው «አጎቴ፣ ይህን ነው የመረጡት?» የሚል ድምፅ ሰምተው ክው አሉ። ዞር ቢሉ የእህታቸው ልጅ ናት። የመኪና ምሕንድስና ተምራ በቅርቡ ተመርቃለች፤ ለራሷ ሥራ መለዋወጫ ልትፈልግ መጥታ ነው የተገጣጠሙት።

«አዎ! ምነው፣ አነሰሽ?» አሉ እየሳቁ።

አክስሉ የተፈለገው ሴት ልጃቸው ለምትነዳት ፒክአፕ ነበር። ልጅቱ ምጥ የያዛቸውን እናቶች ከተራራው መንደር ወደ ጤና ጣቢያ ታመላልሳለች። የፊት ጎማዎቹ ለየብቻ በሚታጠፉ ክንዶች ላይ የተንጠለጠሉ ስለሆኑ፣ ድንጋያማው መንገድ ክንዶቹን እየሰባበረ መከራዋን አበላት። ስለዚህ አባትየው ያንን ሁሉ ነቅለው፣ ሁለቱን ጎማዎች ከዳር እስከ ዳር የሚያያይዝ አንድ ወጥ አክስል ሊገጥሙላት ቆርጠዋል።

«ሐሳብዎስ ደግ ነው። ምርጫዎ ግን አስደነገጠኝ። ይቆጡኝ እንጂ፣ ይህ አክስል እህቴን ገደል ይከታታል» አለች።

የጋሽ መዶሻ ፊት ዐመድ መሰለ። ዕድሜ ልካቸውን ከብረት ጋር ሲታገሉ ኖረው፣ በሰው ፊት እንዲህ ያላቸው አልነበረም።

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ሰብስቢ! ብረት በወፈረ ቁጥር ይበረታል። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መሄድ አያሻም።»

«መበርታቱንስ አልካድኩም። ግን እባክዎ በዚያ በኩል የጎማውን ማሰሪያ ይያዙልኝ፤ እኔ በዚህ በኩል እይዛለሁ። እኩል አንድ ዙር ስናዞረው፣ ከሞተሩ ኃይል የሚቀበለው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ባለግቢው ይቁጠሩልን።»

እያጉረመረሙ ያዙ፤ አዞሩም። ባለግቢው «ስድስት አለፈ» አሉ።

«የፒክአፗ የኋላ ዲፈረንሻልስ፣ ኃይሉን ለሁለቱ ጎማ የሚያካፍለው ማርሽ፣ በአንድ ዙር ስንት ነው?»

«አራት ገደማ...» ብለው ጋሽ መዶሻ እጃቸውን ከአክስሉ ላይ አነሡ። «ታዲያ የኋላው ጎማ ፈጥኖ ሲገፋ፣ የፊቱ እየዘገየ ሊይዛት ነው?»

«አዎ፣ አጎቴ። አራቱም ጎማ ሥራ ላይ ሲውል እርስ በርስ ይታገላሉ። አፋፍ ላይ ወይ ማርሹ ይሰባበራል፣ ወይ መሪው አልታዘዝም ይላል። ደግሞ ይመልከቱ፤ የዚህ ዲፈረንሻል በግራ ነው፣ የፒክአፗ ዘንግ ግን በቀኝ በኩል ነው የሚመጣው። ምኑን ከምን ልናገናኝ ነው? ሆዱም እንዲህ ተዘርግቶ ድንጋይ ለድንጋይ ሊጎተት ነው።»

አዛውንቱ አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አሉ። «ልጄን... በገዛ እጄ!» አሉ።

እንግዲህ ያስደነገጣቸው በልጅ መረታታቸው አልነበረም። እጃቸውን የሚያምን ሰው ሁሉ፣ እሳቸው ገጥመው የሰጡትን ሳይጠይቅ እንደሚነዳው ያን ጊዜ ነው የታያቸው። ልማድ ሰውን ደፋር ያደርገዋል፤ መለካት ግን ከጸጸት ያድነዋል።

ከዚያ በኋላ አብረው ፈለጉ። የእህታቸው ልጅ የዙሩን ቁጥር፣ የዲፈረንሻሉን ጎን፣ ስፋቱ ከኋላው ጋር መስማማቱን አየች። እሳቸው ደግሞ የአክስሉን ቱቦ በመዶሻ እያንኳኩ ድምፁን አዳመጡ፤ ስንጥቅና መጣመም አለመኖሩን አረጋገጡ። የተስማሙበት አክስል ከመጀመሪያው ያነሰ፣ ለፒክአፗ ግን ልክ ነበር።

ከተገጠመ በኋላ በነበረው የመጀመሪያ ዝናብ፣ ምጥ የያዛት ወጣት ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ጋሽ መዶሻ ከልጃቸው ጎን ተቀምጠው ነበር። የሚያንሸራትተው ዳገት ፊት ለፊት ሲመጣ፣ «ተይ፣ እንመለስ!» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አራቱ ጎማዎች ግን አንድ ላይ ጨብጠው ወጡ። ወጣቷም ጤና ጣቢያ ደርሳ በሰላም ተገላገለች።

ዛሬ ጋራዣቸው ለሚመጣው ሁሉ ይመክራሉ፦ አክስል በግዝፈቱ አይመረጥም፤ ከሚሸከመው መኪና ጋር ሲስማማ ማርሽ አይሰበርም፣ ነዳጅ አይባክንም፣ ተሳፋሪም መንገድ ላይ አይቀርም። ማን አስተማረዎት ሲሏቸው ግን አሁንም እንደ ደነገጠ ሰው ደረታቸውን ይዘው፣ «የእህቴ ልጅ ናት፤ ያን ቀን ባትመጣ ኖሮ ዛሬ አባት አልባልም ነበር» ይላሉ።