የጋሽ ዱካለ ስልሳ ሁለት ኪሎ

ከይርጋጨፌ ወደ ዲላ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንዲት እናትና አንድ ወጣት ጎን ለጎን ተቀምጠው ያወራሉ።

«ከየት ነው ልጄ?»

«ከጋሽ ዱካለ ሐውልት ምርቃት ነው የምመጣው፣ እማማ።»

«ለገበሬው ይሟገቱ የነበሩት? ነፍስ ይማር። ዘመዳቸው ነህ?»

«አይደለሁም። ቡና መፈልፈያው ጋ መዛኝ ነኝ። ሁልጊዜ ጠዋት እሸት ቡና መረከብ ከመጀመራችን በፊት፣ ሚዛኑ ላይ ራሳቸው ይወጡ ነበር።»

«ለምን?»

«ክብደታቸውን አገሩ ሁሉ ያውቀዋላ። ስልሳ ሁለት ኪሎ። ሚዛኑ ከዚያ ያነሰ ካሳየ፣ ገበሬው ቡናውን ይዞ ይመለሳል።»

«አሁንስ ማን ይወጣል?»

«ማንም። ዘንድሮ የመፈልፈያው ባለቤት ‹ሽማግሌው የሉም፣ ሚዛኑ ትንሽ ቀንሶ እንዲያሳይ አድርገው› አለኝ። አደረግኩት።»

«እግዚኦ።»

«በማግስቱ ጠዋት ስመጣ ሚዛኑ ላይ ምንም የለም። ቁጥሩ ግን ስልሳ ሁለት ይላል።»

«ተበላሽቶ ይሆናላ።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። አዲስ ሚዛን መጣ። እሱም ላይ ቀነስን። እሱም ባዶውን ስልሳ ሁለት አለ።»

ሴትየዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁት።

«ታዲያ ምን አደረግህ?»

«ወደ ትክክሉ መለስኩት።»

«ከዚያስ?»

«ሰው ሲወርድበት እንደሚያደርገው ነቅነቅ አለና ዜሮ ላይ ቆመ።»

ዲላ ደርሼ ሱቄን እንደከፈትኩ፣ መብራቱን እንኳ ሳላበራ፣ መጀመሪያ ያየሁት ባዶውን ሚዛኔን ነው።