ረቡዕ የማይሰፋው ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊው የጨርቅ ጣቃ ተሸክሞ የስፌት ቤቱን ደረጃ ሲወጣ ከእህቱ ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ። ልጅቱ ነርስ ናት። ጣቃውን ስታይ ደነገጠች።

«ጋሼ! አጥንትዎ ሳስቷል፣ ከባድ አያንሱ አልተባሉም? ደግሞ ዛሬ ረቡዕ፣ የመርፌዎ ቀን ነው።»

«ወገቤ ተሻለኝ እኮ ልጄ። መርፌውን ከተውኩ ወር ሊሞላኝ ነው።»

ሰውዬው መልቲፕል ማይሎማ የተባለው የመቅኔ ካንሰር ከያዘው ሁለት ዓመቱ ነው። በሥራው የሚኮራ፣ ሲለካ ሆዱን ወደ ውስጥ የሚስብ ደንበኛ ካየ «ይልቀቁት! የደበቁት ሆድ ኋላ ቁልፍ ይበጥሳል» ብሎ የሚቆጣ ሰው ነው። የራሱን በሽታ ግን እንደ ነውር ደብቆ፣ ረቡዕ ረቡዕ ምክንያቱን ሳይናገር ይዘጋ ነበር። ደንበኛ በዚህ ሲያጉረመርም የሕክምናውን መርፌ ተወው።

«ሐኪሙ ራሱ ‹ጨርሶ አይነቀልም› ብሎኛል» አለ ጣቃውን እያወረደ። «ታዲያ ምን ያመላልሰኛል? ሰው ከሰማ ‹አልቆለታል› ይላል። የአርባ ዓመት ስሜ ነው።»

«አይነቀልም ማለት አይገታም ማለት አይደለም። የተሻለዎት መርፌው ይዞት ነው። መርፌውን ሲተዉ በሽታው ሳይሰማዎት ይራባል፤ አጥንትና ኩላሊት ይጎዳል።»

«መርፌው ምን ይሠራል?»

ከጠረጴዛው ጠመኔ አነሳች። «የታመመውን ሴል እየለየ ምልክት ያደርግበታል። የገዛ ሰውነትዎ ምልክቱን አይቶ ያጠፋዋል።»

«እኔ አስምሬ መቀሱ እንደሚከተለው?»

«እንደሱ! ይህ ቢደክም ደግሞ፣ በየቦታው ባይገኝም፣ ከራስዎ ደም ሴል ወስደው በሽታውን እንዲያውቅ አድርገው የሚመልሱበት ሕክምና መጥቷል።»

«ጨርቁ የእኔ፣ ስፌቱ የእነሱ!» አለ ሳይወድ እየሳቀ። «ስሜስ?»

«ጋሼ፣ እርስዎም ሆድዎን ይልቀቁ እንጂ።»

ልብስ ሰፊው ኮቱን አነሳ። ከዚያ ወደ ሆስፒታል ተከተላት።

ዛሬ ጣቃ የሚያነሱለት ሌሎች ናቸው። ውኃ ይጠጣል፣ በእግሩ ይንሸራሸራል፤ ትኩሳት ከተሰማው ሳያድር ሐኪሙ ጋ ይሄዳል። በሽታውን ሰምቶ ጨርቁን የወሰደበት ደንበኛ የለም። በሩ ላይም በገዛ እጁ የጻፈው ተለጥፏል፦ «ረቡዕ ለመቅኔ ካንሰር ሕክምና ላይ ነኝ። ሐሙስ ጠዋት እሰፋለሁ።»

አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ይህን አንብቦ ኮት ሊያሰፋ ገባ። ልኬቱ ሲጀመር ሆዱን ስቦ ቆመ፤ ልብስ ሰፊውን አየውና ለቀቀው።

«እናቴም ይኸው ነው ያለባት» አለ። «ለሰው ተናግሬ አላውቅም።»

ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ አደረገና ወንበር ሳበለት። «ተቀመጥ፤ ኮቱ ይደርሳል» አለው።