ያልተጻፈበት መብራት

ዝናቡ በደሴቲቱ ከተማ በላውቶካ ከቀትር ጀምሮ ሲወርድ ዋለ። የሕንፃ ጥገና ሠራተኛው ቢሱን ዴኦ አራት ረዣዥም የኤልኢዲ መብራቶች በካርቶን ጠቅልሎ፣ አውቶቡስ መናኸሪያው ጣራ ሥር ሲጠለል፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሸሻት ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ። ቪኒያና ነበረች፤ የጽዳት ሠራተኛዋ የሜሬ የእህት ልጅ፣ የኤሌክትሪክ ሙያ ተምራ ሥራ ከጀመረች ሁለት ዓመቷ። አንድ እስር ጎደሬ ታቅፋለች። ዞር ሊል አሰበ፤ ግን የት ይገባል? ዙሪያው ውሃ ነው።

«ቻቻ ቢሱን! ደኅና ነዎት?» አለች። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትጠራው እንዲህ ነው፤ አጎቴ ማለቷ ነው።

«ደኅና ነኝ ልጄ። አክስትሽስ እንዴት ናት?»

«እንደተኛች ናት። ዳሌዋ ቢጠገንም ካሁን በኋላ ያለ ምርኩዝ አትሄድም ብለዋል ሐኪሞቹ።»

«ምስኪን! ስኳሩ ነዋ። ያዞራት ነበር እኮ።»

ሜሬ ቢሱን የሚጠግነውን ባለ ሦስት ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ለዐሥራ ሦስት ዓመት አጽድታለች። መብራት ሲቃጠል ማንንም አትጠራም። ጠረጴዛ ላይ ወጥታ፣ ማብሪያውን ሳታጠፋ፣ ራሷ ትቀይራለች። እዚያ ሁሉም እንዲያ ነው የሚያደርገው፤ መብራቱ ቦታውን መያዙ የሚታወቀው ብልጭ ሲል ነውና። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ሁለተኛው ፎቅ ላይ መብራት ስትቀይር ከጠረጴዛው ወደቀች። የሕንፃው አስተዳዳሪዎችም «የጣላት የራሷ በሽታ ነው» ብለው አሰናበቷት። ያዞራት ነበር ብሎ የፈረመላቸው ቢሱን ነው።

«ቻቻ፣ አንድ ነገር ብጠይቅዎት ይቆጡኛል?»

«ያው የትምህርት ቤትሽን ወሬ ልታመጪብኝ ነው። በይ ጠይቂ።»

«ሁለተኛው ፎቅ ላይ ኤልኢዲውን ሲያስገቡ ባላስቱን አወጡት?»

«አወጣሁታ! የድሮው ፍሎረሰንት ማስነሻ ሣጥን፤ ይጮሃል፣ ይግላል፣ ኮረንቲ ይበላል፤ ምን ያደርግልኛል? ኮረንቲ ያለበትን ፌዝ ባንዱ ጫፍ፣ የመመለሻውን ኒውትራል በሌላው፣ ቀጥታ ሰጠሁት።»

«አንደኛው ፎቅስ?»

«እዚያ ባላስቱ አለ። ከሱ ጋር የሚሠራውን ዓይነት ነው ያስገባሁት።»

«ታዲያ ከታች ቆሞ የሚያይ ሰው በምን ይለያቸዋል?»

«ለምን ይለያል? እኔ አውቃቸው የለ! ሁሉም እዚህ ነው» ብሎ ግንባሩን በጣቱ መታ።

ቢሱን ክፉ ሰው አልነበረም፤ እጁም ንጹሕ ነው። ጥፋቱ በጭንቅላቱ ያለውን ወረቀት ላይ ማስፈር መፍራቱ ነበር። ሥራውን የጻፈ ሠራተኛ ነገ በሌላ ይተካል ብሎ ያምናል። ስንቱ ባለሙያ በዚህ ፍርሃት ዕውቀቱን ይዞት ይቀበራል!

ቪኒያና ጎደሬውን መሬት አስቀመጠች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ለቢሱን ይህ ከጩኸት የባሰ ሆነበት።

«ርካሹ ኤልኢዲ እንዲያ ሲቀጠል፣ አንዱን ጫፍ ፌዙ ላይ የሰካ ሰው ሌላውን ጫፍ በእጁ እንደያዘ ነው። ኮረንቲው በመብራቱ ውስጥ አልፎ የት ይደርሳል፣ ቻቻ?»

ቢሱን በካርቶን የጠቀለላቸውን መብራቶች አየ።

«አክስቴ አዞረኝ አላለችም። ‹አንዱን ጫፍ አስገባሁ፣ ሌላው እጄን ያዘኝ› ነው ያለችው። ማን ሰማት? ስኳር አለባት ተባለ፣ አለቀ።»

«ማብሪያውን ማጥፋት ነበረባታ!»

«ነበረባት። እርስዎስ ሲቀይሩ ያጠፋሉ?»

«እኔማ ለምጄዋለሁ።»

«ሽቦውን ለወጡት፣ ልማዱን ግን ማንም አልለወጠውም። አንዲት ወረቀት ብቻ፣ ቻቻ! ‹ባላስቱ ወጥቷል፤ ከብሬከሩ ሳታጠፋ አትንካ፤ የድሮ ፍሎረሰንት አታስገባ› የምትል። ፌዙና ኒውትራሉ ሁለቱም ባንድ ጫፍ የሚገቡበት መብራትም አለ፤ እሱ ቢሆን በእጇ የያዘችው ጫፍ ኮረንቲ የሌለው ይሆን ነበር። ሰኞ አዲስ ጽዳት ሠራተኛ ትገባለች አሉ። ለመሆኑ ባላስት የሌላቸው ስንት ናቸው?»

«አርባ ሁለት» አለ ፈጥኖ። «አይ፣ ቆይ... ኮሪደሩን ስንጨምር...»

ኮሪደሩ! ባላስቱን አውጥቶታል ወይስ ትቶታል? አንዴ አወጣሁ፣ አንዴ ተውኩ መሰለው። ግንባሩን ደግሞ መታው፤ የሚመልስለት የለም። አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ።

«ጠፋብኝ» አለ። «ቪኒያና፣ ጠፋብኝ እኮ! እኔው ነኝ የገደልኳት።»

«አልሞተችም። የምትሞተው ሰኞ የምትገባዋ ናት። ይነሡ።»

በዝናቡ ወደ ሕንፃው ሄዱ። ብሬከሩን አጥፍተው፣ ኮረንቲ አለመኖሩን በመፈተሻ አረጋግጠው፣ መብራቶቹን አንድ በአንድ ከፈቱ። ኮሪደሩ ላይ ሦስት ባላስት የሌላቸው ተገኙ፤ ቢሱን ባላስት አላቸው ብሎ ይምልባቸው የነበሩ። ሁሉም ላይ ወረቀት ለጠፈ፣ ከሥሩም ስሙን ጻፈ። በካርቶን ያመጣቸውን አራቱን ግን አልሰቀላቸውም፤ እነሱም ፌዝና ኒውትራልን በሁለት ጫፍ የሚቀበሉ ነበሩ።

ከዚያ ለአስተዳዳሪዎቹ ደብዳቤ ጻፈ። «ኤልኢዲ የመብራቱን ወጪ በግማሽ ቀንሷል፣ ሙቀቱንም አጥፍቷል። ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ግን ነገ መብራት ሊቀይር የሚወጣው ሰው በእግሩ ሲወርድ ነው። ሜሬን የጣላት እኔ የቀጠልኩት ሽቦ ነው። በፊት የፈረምኩት ስህተት ነበር።» ደብዳቤው እንጀራውን ሊያሳጣው እንደሚችል ያውቃል። ሰጣቸው።

በማግሥቱ ሜሬ ቤት ገባ። ፊቷ ከስቷል። ምንጣፉ ላይ ተጋድማ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። አጠገቧ ተቀመጠ።

ቀድማ የተናገረችው እሷ ናት። «ቢሱን፣ አንተ እንኳ ከመሰከርክ አዙሮኝ ይሆናል እያልኩ ነው የከረምኩት። ራሴን ማመን ትቻለሁ።»

«አላዞረሽም ሜሬ። እኔ ነኝ የጣልኩሽ።»

ሜሬ የቀኝ እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ፣ ጣቶቿን ዘርግታ አየቻቸው።

«እንግዲያው እጄ እውነቱን ነበር» አለች፣ አለቀሰችም።