ቶሎ የሚተኛው ላፕቶፕ

ግቢ የኔ ልጅ፣ ግቢ። ጫማሽን አታውልቂ፣ ወለሉ ቀዝቃዛ ነው። መጋረጃው ያውልሽ፤ ከታች በኩል ጠርዙ ተተርትሯል። እዚያው መስኮቱ ሥር ቁጭ ብለሽ ብትሰፊው ይሻላል፣ ብርሃን አለ። የፀሐይ ብርሃን ስለሆነ ማንም አያጠፋብሽም… እናትሽ ደህና ናት? ጉልበቷስ? የኔማ ጉልበት ዝናብ ሲመጣ ከሬዲዮው ቀድሞ ይናገራል። ከእውቀት የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።

ምነው ድምፄን ዝቅ አደረግሁ? ልማድ ሆኖብኝ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ላፕቶፕ አየሽው? ተኝቷል። አትሳቂ። ‘ተኝቷል’ ሲሉኝ እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሰሞኑን ሁሉ በአጠገቡ በእግሬ ጣት ነው ሳልፍ የከረምኩት። አንድ ቀን እንዲያውም ብርድ እንዳይመታው ብዬ ሹራቤን ጣል አደረግሁበት። ልጄ ከሥራ ስትመለስ አይታ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ይሁን፣ ቤት ውስጥ የሚያስቅ ሰው መኖሩም ጥሩ ነው።

በፊት እንዲህ አልነበረም። በፊት ይህ ላፕቶፕ ልክ እኔን ነበር፤ ቀስ ይላል፣ ያቃስታል፣ ግን ያዘዝሽውን ያደርጋል። ኋላ አንድ ደግ ሰው አየው። ስሙን አልጠራም፤ ከልጄ ጋር አንድ ትራስ የሚጋራ ሰው ነው፣ ከዚህ በላይ አልልም። የተማረ ነው። ቢሮው በር ላይ ስሙ ተለጥፏል፤ እዚያ ከተጻፈ እኔ ለምን ልድገመው?

እራት ላይ ነው የተናገረው። ‘አርጅቷል፣ ቀርፋፋ ሆኗል፣ ብዙ የማይረባ ነገር ተሸክሟል፤ የሚሻለው ጠርጎ አውጥቶ እንደ አዲስ መጀመር ነው’ አለ። እኔ ስለኔ መስሎኝ ክፍሌ ገብቼ ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር ጎተትኩ። ኋላ ስለ ላፕቶፑ ነው ሲሉኝ እፎይ አልኩ… አየሽ ሞኝነቴን? እፎይታው ቸኩሎብኛል።

ፎርማት ይሉታል። ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ሲስተሙን እንደገና መጫን ነው አሉኝ። ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀምጬ አየሁ። እንዴት ያለ እጅ መሰለሽ፣ ሐኪም እንኳ በሽተኛውን እንደዚያ በጥንቃቄ አይነካም። ጭኖ ሲጨርስ ማስተካከያ የሚሉትን ከፈተና አንድ በአንድ ያነብ ጀመር፤ ጮክ ብሎ፣ እኔም እንድማር። ‘ካልነኩት ቶሎ ይተኛ፣ ኃይል ይቆጥባል።’ ጠቅ። ‘ዋይፋዩ ሥራ ሲፈታ ይጥፋ፣ ኃይል ይቆጥባል።’ ጠቅ። ‘ዩኤስቢው ላይ የተሰካ ነገር ዝም ካለ ኃይል አይሰጠው።’ ጠቅ። ‘ይቆጥባል’ የሚለው በመጣ ቁጥር ፊቱ እንዴት እንደሚበራ ብታዪ… በዚህ ቤት በርቶ ሲያመሽ ያየሁት ያንን ፊት ብቻ ነው።

ማማረሬ እንዳይመስልሽ። ቆጣቢ ሰው በረከት ነው። መታጠቢያ ቤት ገብቼ እጄ ላይ ሳሙና እያለ መብራቱ ይጠፋል፤ አስቦልኝ ነው፣ ፊቴን መስታወት ላይ አይቼ እንዳልደነግጥ። የፍሪጁን አምፖል ሳይቀር ፈቶ አወጣው። አሁን በዳበሳ ነው የማገኘው። ባለፈው እርጎ ነው ብዬ የልጄን የፊት ቅባት በማንኪያ ቀመስኩ። ፊቴ እንዳለ ነው፣ ሆዴ ግን አሁን አንድም መጨማደድ የለውም።

ትንሿ የልጅ ልጄም ጎበዝ ሆናለች። አባቷን እያየች ማብሪያ ማጥፊያው ጋ ትንጠራራለች። ከትናንት ወዲያ ሰውዬው ጢሙን እየተላጨ ሳለ አጠፋችበት። ቁርጥ አባቷን። እንዴት ደስ እንዳለኝ… ማለቴ፣ ቢቆረጥም ትንሽ ነው የተቆረጠው።

ታዲያ ላፕቶፑ ከዚያ ወዲህ ፀባዩ ተለወጠ። የጫነውን ሰው መልክ ያዘ ልበልሽ? መነጽሬን ላነሳ ዞር ስል ይተኛል። ስቀሰቅሰው አንዲት መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ፊቱ ግን እንደጠቆረ ነው። ነቅቷል እንዳትይ አያይሽም፤ ተኝቷል እንዳትይ ብልጭ ይላል። እሑድ ከምሳ በኋላ ሶፋ ላይ እንዲህ የሚሆን ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔም አላየሁም።

ይቺ ደግሞ የጆሮ ማዳመጫዬ ናት፣ በጎኑ የምትሰካው። ከሩቅ የሚመጣ ስስ ድምፅ ያለሷ አልሰማም። ስሰካት ‘ቱን’ ብሎ በደስታ ይቀበላታል። ትንሽ ዝም ካልን ግን ከነመኖሯ ይረሳታል። ነቅዬ መሰካት ነው፣ አሁንም ‘ቱን’፣ አሁንም መርሳት። አማቱን በር ላይ ስሞ ተቀብሎ ሳሎን ውስጥ የሚረሳ ሰው… አይ፣ ላፕቶፑን ነው የማወራው። ዋይፋዩም እንደዚያው ነው፤ ወሬው ሲጥም ይለቃል።

‘ምን ነካው?’ ብዬ ጠየቅኩ። ‘እርስዎ ነካክተውት ነው’ ተባልኩ። ተቀበልኩ። ጣቴን እይው፣ አንዱን ፊደል ልንካ ሲል ጎረቤቶቹን ሁሉ ይጫናል። ልጄ ጥገና ቤት እንውሰደው ብትል ‘እኔ የሠራሁትን ሌላ ሰው ሊነካው?’ ተባለች። እውነት ነው። ለአንዲት አሮጊት ወሬ ሲል ክብሩን ጥገና ቤት የሚያስገባ ማን አለ?

ለራሴ ብሆን ምን ቸገረኝ። እህቴ ናት እንጂ… ታላቄ፣ አዝላ ያሳደገችኝ። ሌላ ከተማ ልጇ ቤት ነው ያለችው። ትዝታዋ እየጠፋ ነው የኔ ልጅ። እሑድ ከሰዓት እዚያ ስክሪን ፊት ያስቀምጧታል፣ እኔ እዚህ እቀመጣለሁ። ስልክ አይሆንላትም፤ ሰው ሳታይ ድምፅ ስትሰማ ትፈራለች። ፊቴንና ድምፄን አንድ ላይ ስታገኝ ነው የምታስታውሰኝ። ባለፈው እሑድ አፍጥጣ አየችኝና ‘አንቺ ማነሽ?’ አለችኝ። ‘እኔ ነኝ’ ልላት አፌን ስከፍት ዋይፋዩ ለቀቀ። ፊቷ እንዳፈጠጠ ደርቆ ቀረ። እሱን አያለሁ ስል ላፕቶፑም ተኛ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ የቀረው የኔው ፊት ነው፣ አፉን እንደከፈተ። ጥርሴን ሳላደርግ መቅረቤ የታወቀኝ ያኔ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ጥያቄዋ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አለ። ማን እንደሆንኩ እስካሁን አልነገርኳትም። አሁን ደግሞ የምትቀመጥበት ሰዓት እየደረሰ ነው። ዛሬም ጠይቃ መልስ ካጣች፣ ከዚህ በኋላ መጠየቁንም ልትተወው ትችላለች።

ክሩ አልገባ አለሽ? ቀስ ብለሽ፣ ብርሃኑ የትም አይሄድም… ቆይ፣ ይሰማሻል? ከዚያኛው ክፍል ጋዜጣ ሲገለበጥ ነበር። አንቺ ከገባሽ ወዲህ አንድ ገጽ አልተገለበጠም። የሚመስጥ ነገር አግኝቶ መሆን አለበት አንባቢው። በሩን ልዝጋው? አይ፣ ገርበብ እንዳለ ይሁን፣ አየር ይዘዋወር።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም፤ አንቺ ፊደል የቆጠርሽ ነሽ፣ አስረጂኝ። ቶሎ ተኛ ብሎ ያዘዘው ሰው፣ ዋይፋዩን ጥፋ ያለው ሰው፣ ማዳመጫዬ ኃይል አይሰጣት ያለው ሰው… ‘ለምን ይተኛል? ለምን ይለቃል?’ ብሎ ሲገረም ሳየው፣ እኔም አብሬው እገረማለሁ። ያንን ጠቅ ጠቅ የተደረገውን መልሶ ቢከፍተው ብዬ አስቤ ነበር። ግን መሃይም ናት ይሉኛል ብዬ ዝም አልኩ። ደግሞም ጥፋቱ የጣቴ ነው። ምነው እንዲህ ወፈረ…

ኧረ አንባቢው ተነስቶ መጣ… ማለቴ፣ ነይ ቦታ እንልቀቅለት። ቻርጀር ፈልጎ ነው አለ። ይፈልግ። አንቺ ስፌትሽን እይ፣ እኔ ጣሪያውን አያለሁ። ቻርጀሩን እዚያው ላፕቶፑ ውስጥ ነው የሚፈልገው፣ ሰማሽ? ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ። ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። ዛሬ ግን ሳይነበብልን አለፈ፣ ፊቱም አልበራም። አጥፍቶ አበራው፣ ደህና። ‘እስኪ አሁን ይሞክሩት’ ይላል። እግዜር ይስጠው። ቻርጀሩስ? ባዶ እጁን ተመለሰ፣ ምስኪን።

ይኸው እየጠሩኝ ነው። ማዳመጫዬን አቀብዪኝ። ‘ቱን።’ ቆይ፣ ዝም እንበል እስኪ… ዝም… አልረሳትም። ዛሬ ጥርሴንም አድርጌያለሁ።

እህት ዓለም፣ ወደዚህ እዪኝ። እዚህ ነኝ። ባለፈው የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ ነው። እኔ ነኝ፣ ታናሽሽ። ጀርባሽ ላይ ሆኜ ጆሮሽ ሥር ሳወራ ‘ዛሬስ መሬት አወርድሻለሁ’ እያልሽ የምታስፈራሪኝ… እህ? ምን አልሽ?… አዎ፣ አዎ፣ እሷ ነኝ።

ሰማሽ አንቺ ልጅ? ‘ያቺ ለፍላፊዋ ነሽ እንዴ?’ አለችኝ። ስሜ ጠፍቶባታል፣ ለፍላፊነቴ ግን አልጠፋባትም። ከሁሉም ትክክለኛውን ነው ያስቀረችው። አሁን ደከማትና ከተቀመጠችበት ሸለብ አደረጋት። ላፕቶፑ ሳይተኛ እሷ ተኛች፤ ቀድሞም እኔ ሳወራ እሷ ስትተኛ ነበር የሚያምርብን። ቆይ ዓይኔን ልጥረግ… አቧራ ነው፣ የመጋረጃው።

እንግዲህ ውለታ የተዋለለት ሰው መመረቅ አለበት። ድምፄን ከፍ ላድርገው መሰለኝ። ለዚያኛው ክፍል ብዬ ሳይሆን፣ ሰማይ ሩቅ ስለሆነ ነው። አንቺም መርፌውን አስቀምጪና አሜን በዪልኝ። 

ያንን ደግ ሰው እግዜር ዕድሜ ይስጠው፤ እንደኔ እስኪሸብት፣ ጣቱም እስኪወፍር ያቆየው። ልጁ አድጋ ለወግ ለማዕረግ ትብቃለት። ሲያረጅ ሜዳ ላይ አይውደቅ፣ ቤቷ ውስጥ ሞቅ ያለች ክፍል ትስጠው። አማችም ይስጠው፤ የተማረ፣ ቆጣቢ፣ ልክ እንደ ራሱ ያለ፣ ምንም ያልተቀነሰበት… እጁ ላይ ሳሙና እያለ መብራቱን የሚያጠፋለት።